አንድም ተማሪ ካላለፈበት ትምህርት ቤት ነው የምጽፍልዎት

የጠያቂው ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ።

ከአዲስ አበባ ራቅ ባለች የወረዳ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። 37 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የአንዲት ልጅ አባት ነኝ። ጠመኔ ከያዝኩ 13 ዓመት ሞላኝ።

በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተና 112 ልጆች አስፈተንን። አንድም አላለፈም። ውጤቱ የተለቀቀ ሰሞን ሻይ ቤት ተቀምጬ አንድ ወላጅ «መምህር፣ ደመወዝ ግን አልቀረም አይደል?» አለኝ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ግን እህል አልወርድ አለኝ።

መስከረም ላይ ዳይሬክተራችን ሰበሰበን። ከእንግዲህ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ወርክሺትና ያለፉ ዓመታት ፈተና ብቻ እንድንሠራ፣ ላብራቶሪ የሚባል ነገር እንዲቆም ነገረን። እኔ በየዓመቱ ለ10ኛ ክፍል የበግ ልብ ገዝቼ ክፍል ውስጥ በምላጭ ከፍቼ አሳያለሁ። በራሴ ብር ነው። ሥጋ ቤቱ ራሱ «መምህር፣ ዘንድሮ መቼ ነው?» ይለኛል። ይህንን አንስቼ ልከራከር ስል ዳይሬክተሩ «አንተ ልብ ታሳያለህ፣ ልጆቹ ኤ ቢ ሲ ዲ ይፈተናሉ» አለኝ። ዝም አልኩ።

አንድ ነገር ልንገርዎት። በ2014 ልቡን ስከፍት አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር ተነሥታ መጣች። አፍንጫዋ ሊነካው እስኪደርስ ጎንበስ ብላ አየችና «መምህር፣ የግራው ግድግዳ ለምን ወፈረ?» አለችኝ። ገና አላስተማርኳቸውም ነበር። ይህቺው ልጅ ዘንድሮ 284 አመጣች። ለማለፊያው 16 ነጥብ ጎደላት። ሪሜዲያል፣ የዩኒቨርሲቲ ማካካሻ ትምህርቱ፣ ይደርሳታል፤ እሷ ግን አልሄድም ብላለች አሉ። ቅዳሜ ገበያ ከእናቷ ጋር ሽንኩርት ትሸጣለች። ስታየኝ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች። እውነቱን ልናገርና እኔም በዚያ በኩል ማለፍ ትቻለሁ።

አዲስ አበባ ያለ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ቲቶሪያል ማዕከል ከፍቷል። ና ይለኛል። የሚከፍለኝ አሁን ከማገኘው ከእጥፍ ይበልጣል። ባለቤቴ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ «አንተ እንዳልክ» ትላለች። ይህ ደግሞ የበለጠ ያስጨንቀኛል።

ልልቀቅ? ዳይሬክተሩን ልታዘዝ? ልጅቷንስ ምን ልበላት?

ዜሮ ያሳለፍኩ መምህር

መልስ

መምህር፣ የፈረሙበት ስም ላይ ቆም አልኩ። «ዜሮ ያሳለፍኩ» ብለዋል። እስቲ አብረን እንቁጠር። አንድ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ስድስት ፈተና ይወስዳል። ከስድስቱ እርስዎ የሚያስተምሩት አንዱን ነው። አንደኛው፣ አፕቲትዩድ የሚባለው፣ ጭራሽ የሚያስተምረው መምህር የለውም። ከ112ቱ ውስጥ ሶሻል የመረጡት ደግሞ የእርስዎን ትምህርት አልተፈተኑትም። ታዲያ 112ቱንም ልጆች ለብቻዎ መሸከም መቼ ጀመሩ? ሻይ ቤቱ ውስጥ ይመስለኛል።

ያንን ወላጅ ክፉ ሰው ነው ብዬ ለማሰብ ግን ከበደኝ። ምናልባት ከ112ቱ አንዱ የእሱ ልጅ ነው። ሚኒስትሩን ሻይ ቤት አያገኛቸውም። እርስዎን አገኘ።

በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ ወደ 675 ሺህ ተማሪ ተፈትኖ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 36,409 ነው። 5.4 በመቶ ማለት ነው። በ2015 3.2 በመቶ ነበር፣ በ2014 ደግሞ 3.3። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ይህን የምነግርዎት «የብዙ ሰው ሞት ሠርግ ነው» ልልዎ አይደለም። በዚያ ሁሉ ትምህርት ቤት ውስጥ እንደ እርስዎ እራቱን ሳይበላ ያደረ መምህር አለ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሰነፍ ሆኖ ሊሆን አይችልም።

አንድ የማይመች ጥያቄም ልጠይቅዎ። ከ2014 በፊት ትምህርት ቤትዎ ስንት ያሳልፍ ነበር? ጥቂት የማይባል ከሆነ፣ ያኔ እርስዎ ከአሁኑ የተሻሉ መምህር ነበሩ? ከ2014 ጀምሮ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ፣ ተፈትሾ፣ ስልክ ሳይዝ ነው የሚፈተነው። ከዚያ በፊት የነበረውን እኔና እርስዎ እናውቀዋለን። ኩረጃው ከክፍል አልፎ በ2008 ፈተናው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ እስከመሰረዝ ደርሷል። ስለዚህ የዱሮው ቁጥር ሲያሞግስዎ ካላመኑት፣ የአሁኑ ሲሰድብዎም እንዳለ አይዋጡት። ልጅቷ 8ኛ ክፍል ሳለች፣ መጋቢት 2012፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። የእርስዎን ክፍል የረገጠችው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

እንዲህ ስል እጅዎን ታጥበው ይውጡ ማለቴ አይደለም። እርስዎም እንዲያ ዓይነት ሰው አይመስሉኝም፤ ቢሆኑ ኖሮ ደብዳቤውን አይጽፉም ነበር። እንዲያውም ሥራ ልስጥዎ። ውጤት በየትምህርቱ ተለይቶ ነው የሚመጣው። ፈቃደኛ ከሆኑ ልጆች የ20ውን ያህል ሰብስቡና ስሙን ትተው ቁጥሩን ብቻ በአንድ ወረቀት ይጻፉ። ባዮሎጂ ስንት፣ እንግሊዝኛ ስንት፣ ሒሳብ ስንት። አራት ምርጫ ባለው ፈተና ዓይኑን ጨፍኖ ያጠቆረ ልጅ እንኳ ከ100 ወደ 25 ያገኛል። እንግዲህ በባዮሎጂ 27 ያመጣና 41 ያመጣ ልጅ ሁለቱም ወድቀዋል ቢባልም አንድ ዓይነት ልጆች አይደሉም። የመጀመሪያው ገና አልጀመረም። ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው። የትኞቹ እንደሚበዙ ሲያዩ ምን ማድረግ እንዳለብዎት ከእኔ በላይ ይገባዎታል።

ግምቴን ልናገር? ብዙዎቹ የወደቁት ባዮሎጂው ላይ ሳይሆን ቋንቋው ላይ ይመስለኛል። ክፍል ውስጥ ነገሩ ሲጠብቅ ሁላችንም ወደ አማርኛ እናመልጣለን፤ ልጁም ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ ገብቶታልም። ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ነው። «ኤክሴፕት» የምትለዋን ቃል ዘልሎ ያነበበ ልጅ እያወቀ ይሳሳታል። እኔ ራሴ የማስጠናው የእህቴ ልጅ በዚህች ቃል ብቻ በአንድ ወረቀት ላይ አራት ጥያቄ ሲስት ዓይቻለሁ። ስለ ሴል ጠይቄው በአማርኛ እንደ ውኃ ያወርደዋል። «የማይሆነውን ምረጥ ነው የሚልህ» ስለው «እንዴ! እንደዛ ነው እንዴ?» አለኝ።

አሁን ወደ ዳይሬክተርዎ። ትንሽ ልከላከልላቸው። ወረዳ ተጠርተው የትምህርት ቤታቸው ስም ከዝርዝሩ ግርጌ ሲነበብ ምን እንደተሰማቸው መገመት አይከብድም። የተናገሩት ነገር ከድንጋጤ የወጣ ነው። የተናደደ ሰው ፊት፣ ያውም በስብሰባ መሀል፣ ስለ በግ ልብ መከራከር ደግሞ ያስቸግራል። ዝም ማለትዎ ጥሩ ሳይሆን አይቀርም።

ነገር ግን ተሳስተዋል። ወርክሺት ብቻ የሚሠራበት ክፍል ገብቼ አውቃለሁ። መምህሩ ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ሲ!» ይላሉ። ደስ ይላል። ለምን ሲ ሆነ ሲባሉ ጸጥ። የምርጫዎቹን ተራ ቀይሮ ደግሞ ሲጠይቃቸው አሁንም «ሲ!» ብለው ጮኹ። በቃ፣ ፊደሉን ነው ያጠኑት። መምህሩ ዞር ብሎ አየኝ። ምን እንደምለው አላወቅሁም።

ያቺ ተማሪዎ የጠየቀችው ጥያቄ ላይ እንምጣ። የግራው ግድግዳ ለምን ወፈረ? እኔ ባዮሎጂ ርቆኛል፣ መጽሐፍ ገልጬ አየሁት። የቀኙ ክፍል ደም የሚልከው አጠገቡ ወዳለው ሳንባ ነው። የግራው ግን እስከ እግር ጣት መግፋት አለበት። ታዲያ ይህቺ ጥያቄ አራት ምርጫ ተሰጥቷት ፈተና ላይ ብትመጣ ማን ይገረማል? ልቡን በዓይኑ ያየ ልጅ ምርጫዎቹን እንዴት ብታገላብጥበት አይሳሳትም። የእርስዎ ልብና የዳይሬክተርዎ ኤ ቢ ሲ ዲ የተጣሉት በስብሰባው ላይ እንጂ ክፍል ውስጥ አይደለም።

ስለዚህ ቢሯቸው ለብቻዎ ይግቡ። ጠዋት ይሻላል። አቤቱታ ይዘው ሳይሆን የሆነ ወረቀት ይዘው ይግቡ። ለምሳሌ እንዲህ ቢሏቸው፦ «ወርክሺቱን እሠራለሁ። በሁለት ሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ግን ለእኔ ይተዉልኝ። የሚታይ ነገር አሳይቼ እዚያው አምስት የፈተና ጥያቄ በእንግሊዝኛ አሠራቸዋለሁ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ውጤታቸውን እናወዳድር።» ከአንድ ሴክሽን ጋር ወርክሺት ብቻ፣ ከሌላው ጋር ሁለቱንም ቢሠሩ ማወዳደሪያ ያገኛሉ። ምናልባት ውጤቱ እኔን ያሳፍረኝ ይሆናል። ቢያሳፍረኝም ይጻፉልኝ። የእንግሊዝኛውን መምህር ደግሞ ሻይ ይጋብዙና እነዚያን «ኤክሴፕት» ዓይነት የጥያቄ ቃላት በሳምንት አሥር አሥር እያደረጉ እንዲያግዝዎ ይጠይቁት። ሌላ ሻይ ቤት ይሁን።

ወርክሺቱንም አይናቁት። መልስ መስጫ ወረቀቱን በትክክል ማጥቆር፣ ሰዓት ማብቃቃት፣ የከበደውን ዘልሎ መመለስ የሚለመድ ነገር ነው። ከቤቱ ወጥቶ አድሮ የማያውቅ ልጅ የማያውቀው ግቢ ውስጥ፣ የማያውቀው አልጋ ላይ አድሮ ነው ጠዋት እርሳስ የሚይዘው። ቢያንስ ወረቀቱ እንግዳ አይሁንበት።

የአዲስ አበባውን ነገር በተመለከተ «ማስተማር ክቡር ሙያ ነው፣ አይልቀቁ» ልልዎ አልፈልግም። ኪራይ በክብር አይከፈልም። የሚሄዱት ለገንዘቡ ከሆነ ያስኬዳል፣ ማንም አይወቅስዎትም። ያኔ ጥያቄው የሒሳብ ነው። የቤት ኪራይ ስንት ነው? ባለቤትዎ ዝውውር ታገኛለች ወይስ ሥራዋን ትለቃለች? ሲደመርና ሲቀነስ እጥፉ እጥፍ ሆኖ ይቀራል? የሚሄዱት ግን ከሻይ ቤቱ ሳቅ ለመሸሽ ከሆነ ትንሽ እንነጋገር። ቲቶሪያል ማዕከል ማለት እኮ ከጠዋት እስከ ማታ ወርክሺት ነው። ከወርክሺት ሸሽተው ወርክሺት ቤት ሊገቡ ነው። የበግ ልብ የሚገዛ መምህር እዚያ ስንት ወር ይቆያል? እርስዎ ራስዎን ስለሚያውቁ ይመልሱት።

እኔ ብሆን መልቀቂያ አሁን አላስገባም። የሴሚስተር ዕረፍት ሲመጣ ሄጄ ሦስት አራት ቀን ጓደኛዬ ዘንድ ቁጭ ብዬ ሥራውን አያለሁ፤ ቢቻል አስተምሬም አያለሁ። ባለቤትዎን ደግሞ «ምን ልሁን?» ብለው አይጠይቋት፤ ለዚያ መልሷ ያው «አንተ እንዳልክ» ነው። «አንቺ አዲስ አበባ ስትሆኚ ጠዋት ከእንቅልፍሽ ተነሥተሽ የት ነው የምትሄጂው?» ብለው ይጠይቋት። ያን ጊዜ የምትለው ነገር ሳይኖራት አይቀርም።

ልጅቷን መጨረሻ ላይ ያደረግኋት ቀላል ስለሆነች አይደለም። ደብዳቤዎን ሳነብ ከሁሉም በላይ ያቺ ወደ ፊት የተሳበች ነጠላ ናት ዓይኔ ላይ የቀረችው።

በእኔ ጊዜ ማትሪክ ነጥቡ በ4 ነበር። እኔ 2.4 አመጣሁ። አራት ልጅ ወልጄ አሳድጌያለሁ፣ የልጆቼን ልደት አንዳንዴ እያምታታሁ ይሳቅብኛል፤ 2.4ን ግን ረስቼ አላውቅም። 284ም እንደዚያ ነው የሚሆነው። አሁን ልጅቷ ራሷን የምታየው በዚያ ቁጥር ውስጥ ነው። እርስዎን ስታይ ደግሞ «አሳፈርኩት» ነው የሚላት። እርስዎም መንገድ ሲቀይሩ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ «አዎ፣ አሳፍረሽኛል» ብለው የመለሱላት ያህል ነው። እንዲያ ማለትዎ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። እሷ ግን በምን ታውቃለች?

ሪሜዲያል ከ2015 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ማለፊያው ላይ ካልደረሱት የተሻለ ያመጡት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለጥቂት ወራት ይማሩና ይፈተናሉ፤ ያለፈ ፍሬሽማን ይጀምራል። 284 ያመጣች ልጅ ለዚህ አታንስም። ታዲያ ለምን አልሄድም አለች? እርስዎም የሰሙት ከሰው ነው። «ወድቃ ልትደግም ሄደች» እንዳይሏት ፈርታ ይሆናል። የመንገድና የብርድ ልብስ ብር አስጨንቋት ሊሆን ይችላል። እናቷ ገበያ ላይ ብቻዋን እንዳትቀር ይሆናል። ወይም ደግሞ ሁለተኛ መውደቅ ፈርታለች። እያንዳንዱ የተለያየ መድኃኒት አለው። ለብሩ ከመምህራኑ ጥቂት ጥቂት ማዋጣት ይቻላል። ለፍርሃቱ ግን ብር አይሠራም።

ስለዚህ ሲያገኟት ምክር ይዘው አይሂዱ። «አይዞሽ፣ ፈተና ነው» የሚለውን እስካሁን ሰፈሩ በሙሉ ብሏታል። ይጠይቋት። «ብትሄጂ ከሁሉም የሚያስፈራሽ ምንድን ነው?» ብለው ዝም ይበሉ። ዝምታው ቢረዝምም ይታገሡት። መሄድ እንደማትፈልግ ከተናገረች በግል ተመዝግቦ ድጋሚ መፈተንም አለ፤ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ እጅ የሚያስገባ ሙያ መማርም አለ። ይህን ግን መጀመሪያ ቀን አይዘርዝሩት። የሪሜዲያል ጥሪ ከወጣ በኋላ የመግቢያው ቀን አጭር ስለሚሆን ብዙም አይቆዩ እንጂ ለሁለተኛ ቀንም ነገር ይተዉ።

አንድ ነገር ይጠብቁልኝ። እህል ከተወች፣ እንቅልፍ ካጣች፣ «ብሞት ይሻላል» የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ እንደ ቀላል አይለፉት። ያኔ ለእናቷ በግልጽ ይንገሩ፣ ብቻዋን እንዳትተዋት፣ ጤና ጣቢያም ይሂዱ። ባለቤትዎ እዚያ መሆኗ ለዚህ ጥሩ ነው። ከእርስዎ ይልቅ ለእሷ የምትነግራት ነገር ሊኖርም ይችላል።

የ2014ቱን ጥያቄዋን እንደሚያስታውሱት ነግረዋት ያውቃሉ? እኔ የገባኝ እንዳልነገሯት ነው። ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው፣ እርስዎ ለማያውቁኝ ለእኔ ጻፉት፣ ለእሷ ግን አልነገሯትም።

ቅዳሜ በዚያው በኩል ይለፉ። ከሩቅ ስታይዎት ነጠላዋን ብትስብም ይቅረቡ። መጀመሪያ እናቷን ሰላም ይበሉ፤ ስለ ፈተና አንድም ቃል ሳያነሡ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ይግዙ። ዋጋ ደግሞ ይከራከሩ፣ ምክንያቱም ሳይከራከሩ ከከፈሉ አዝነውላት እንደሆነ ወዲያው ታውቃለች። ሽንኩርቱን ስትመዝንልዎ ያን ጥያቄ ያንሡባት። ዘንድሮ ለ10ኛ ክፍል ልቡን የሚከፍቱበት ቀን መቼ እንደሆነም ይንገሯትና መጥታ ለልጆቹ የግራውን ግድግዳ እንድታስረዳላቸው ይጠይቋት። ዳይሬክተርዎ እስከዚያ ከፈቀዱ ነው እንግዲህ። ካልፈቀዱም ከትምህርት ሰዓት በኋላ የእርስዎ ቤት ጓሮ አለ።